በብረት ጠቋሚ መሣሪያ ወርቅ መፈለግ፦ ለቱላና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የቀረበ መሠረታዊ መረጃ

መግቢያ

ብረት ጠቋሚ መሣሪያ፣ በተለምዶ አጠራሩ «ዲቴክተር»፣ በአንዳንድ አገሮች ወርቅን በትርፍ ጊዜ ለመፈለግ የሚያገለግል ሲሆን በአገራችንም በወርቅ አምራች አካባቢዎች ጥቅም ላይ ሲውል ይታያል። ከሐዋሳ መሀል ከተማ በስተደቡብ የምትገኘው ቱላ ወደ አዶላና ሻኪሶ የወርቅ ምድር ለሚጓዝ ሰው መተላለፊያ በሆነው አቅጣጫ ላይ ትገኛለች። የወርቅ ወሬ ወደ አካባቢው መድረሱና አንዳንድ ሰዎች መሣሪያውን ገዝተው ዕድላቸውን ለመሞከር ማሰባቸው ስለዚህ አያስገርምም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ሐሳብ ለሚያሰላስል ሰው ነው። ገንዘብ ከመውጣቱና መሬት ከመቆፈሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። በምድሩ ውስጥ ወርቅ ይኖራል ወይ? ካለስ መሣሪያው ሊያገኘው ይችላል ወይ? ከተገኘስ ፈላጊው የማውጣት መብት አለው ወይ? መሣሪያው ብረታ ብረት መኖሩን ይጠቁማል እንጂ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልስም።

የቱላ ምድርና የወርቅ ምድር ልዩነት

በኢትዮጵያ የሚታወቁት ዋና ዋና የወርቅ ቦታዎች በአብዛኛው ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የቅድመ ካምብሪያን ዐለቶች ላይ የሚገኙ ናቸው። እነዚህ ጥንታዊ ዐለቶች ሌሎች ንብርብሮች ሳይሸፍኗቸው በገጽ ምድር የሚታዩት በደቡብ በጉጂ ዞን አዶላና ሻኪሶ አካባቢ፣ በምዕራብ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በጋምቤላ፣ በሰሜን ደግሞ በትግራይ ነው። በረጅም ዘመን ሙቅ ውኃ በዐለቶቹ ስንጥቅ ውስጥ እያለፈ ወርቅን ከኳርትዝ ጅማቶች ጋር አስቀመጠ። ቆይቶም ዝናብና ጎርፍ ዐለቱን ሸርሽረው ወርቁን ወደ ጅረቶችና ወደ ወንዝ ዳር ደለል አወረዱት። ባህላዊ አምራቾች ከደለል የሚያጥቡት ወርቅ ይህ ነው።

ሐዋሳና ቱላ የሚገኙት ግን በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ነው። የአካባቢው ምድር በጂኦሎጂ አቆጣጠር እጅግ ወጣት ነው፤ በእሳተ ገሞራ የተተፋ አመድ፣ ቀላል ባለ ቀዳዳ ድንጋይ፣ በግለት የተጋገረ የአመድ ዐለትና የጥንት ሐይቅ ደለል ተደራርበው ሠርተውታል። የሐዋሳ ሐይቅ ራሱ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ሰፊ ገበታ መሰል ጎድጓዳ ውስጥ ያረፈ ነው። ወርቅ ተሸካሚ ሊሆኑ የሚችሉት ጥንታዊ ዐለቶች በዚህ ክፍል ካሉም ከወፍራም የእሳተ ገሞራ ንብርብር በታች የተቀበሩ ናቸው። በእጅ የሚያዝ ብረት ጠቋሚ ሊደርስበት የሚችል ጥልቀት አይደለም።

ስምጥ ሸለቆ ሁሉ ከወርቅ ባዶ ነው ማለት ግን አይደለም። በአፋር በእሳተ ገሞራ ሙቅ ውኃ የተፈጠሩ የወርቅ ምልክቶች በምርመራ ተገኝተዋል። ሆኖም የዚህ ዓይነቱ ወርቅ በአብዛኛው በዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራ በመሆኑ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ አይደለም።

ስለዚህ በቱላ የእንሰትና የቡና ጓሮ ውስጥ መሣሪያው ቢጮኽ ከምድር በታች ያለው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የቤት ክዳን ምስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የተሰበረ የዶማ ጫፍ፣ የባትሪ ድንጋይ ወይም የወደቀ ሳንቲም ነው። ለልምምድ ጥሩ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ለወርቅ ፍለጋ ግን አይደለም።

የአዶላ አካባቢ ልምድ

ለቱላ ነዋሪ በአንጻራዊነት የሚቀርበው የታወቀ የወርቅ ምድር አዶላ (ክብረ መንግሥት) እና ሻኪሶ ነው። በአካባቢው የደለል ወርቅ በስፋት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም የመንግሥት የወርቅ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። በኋላ በለገ ደምቢ በዐለት ውስጥ ያለው ወርቅ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ በፋብሪካ ደረጃ መመረት ጀመረ። ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ግል ባለሀብት ተላልፏል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአካባቢው ነዋሪዎች በጤናና በአካባቢ ብክለት ላይ ባነሡት ቅሬታ ፈቃዱ ታግዶ ሥራው ለተወሰኑ ዓመታት መቆሙ ይታወሳል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች መውሰድ ይቻላል። የመጀመሪያው ወርቅ ባለበት ምድርም ቢሆን ቦታዎቹ ባለቤት አልባ አለመሆናቸው ነው። ከፊሉ በኩባንያዎች ፈቃድ ክልል፣ ከፊሉ በባህላዊ አምራቾች ማኅበራት፣ ከፊሉ ደግሞ በአርሶና በአርብቶ አደሮች ይዞታ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የወርቅ ሥራ በአካባቢው ሕዝብ ኑሮ፣ ውኃና ጤና ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከባድ መሆኑ ነው። ከሌላ ቦታ ለመዝናናት የመጣ ሰው የሚቆፍራት አንዲት ጉድጓድ ለነዋሪው ከብት የሚወድቅባት፣ ሕፃን የሚገባባት ጉድጓድ ናት።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የመሣሪያው ዋና ክፍል ከታች የሚገኘው ክብ የሽቦ መጠምጠሚያ ነው። በመጠምጠሚያው ውስጥ የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ፍሰት መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ ከምድር በታች ያለ ብረታ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ዑደት ይቀሰቅሳል፤ ይህም በተራው የራሱን መስክ ይፈጥራል። መሣሪያው ያንን የመልስ ምልክት ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

በገበያ ላይ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ተከታታይ ሞገድ የሚልክ ነው፤ ትናንሽ ቅንጣቶችን ለመለየትና ብረትን ከሌሎች ብረታ ብረቶች ለመለየት የተሻለ ነው፤ በብረት ማዕድን የበለጸገ ቀይ አፈር ግን ያደናግረዋል። ሁለተኛው አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን የሚልክ ነው፤ በአስቸጋሪ አፈር ላይ የተሻለ ጥልቀት አለው፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ውድ ነው፤ ቆሻሻ ብረትን የመለየት ችሎታው ግን ውሱን ነው።

የሁለቱም ዓይነቶች ገደብ የሚመነጨው ከተፈጥሮ ሕግ ነው። ከመጠምጠሚያው ስፋት አንጻር ርቆ የተቀበረ ትንሽ ነገር ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን የመልሱ ምልክት ወደ 60 እጥፍ ያህል ይዳከማል። 1 ግራም የሚመዝን ንጹሕ ወርቅ በኩብ መልክ ቢሠራ ጎኑ 4 ሚሊሜትር አይሞላም፤ እንዲህ ያለ ቅንጣት ምቹ በሆነ አፈር ውስጥም ቢሆን ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ካለፈ ለመሰማት ያስቸግራል። እንደ ዱቄት የደቀቀ ወርቅ ደግሞ፣ መጠኑ በአንድ ቦታ ቢበዛም፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ከመጠን በላይ ትንሽ ስለሆነ ጨርሶ ላይሰማ ይችላል።

ይህ ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። ባህላዊ አምራቾች በእንጨት ገበቴ አጥበው ከደለል የሚያወጡት ወርቅ በብዛት ደቃቅና ልጥልጥ ቅንጣት ነው። ይህን ወርቅ ከአሸዋው የሚለየው ክብደቱ ነው። የወርቅ እፍጋት ከውኃ 19.3 እጥፍ ስለሆነ አሸዋው ታጥቦ ሲሄድ ወርቁ ከገበቴው ሥር ይቀራል። ዲቴክተር የሚያገለግለው ከደቃቁ ይልቅ ጠጠር ወርቅ በሚገኝበት ቦታ ነው፤ እንዲህ ያለው ቦታ ደግሞ ጥቂት ነው። «መሣሪያ የያዘ ሰው ከገበቴ ይቀድማል» የሚለው ግምት ስለዚህ በብዙ ቦታ አይሠራም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በመሣሪያው የተገኙ ትልልቅ ጠጠሮች ዜና ብዙ ሰው ያነሣሣል። እ.ኤ.አ. በ1980 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ኪንጎወር በተባለ ቦታ አቅራቢያ 27 ኪሎግራም ያህል የሚመዝን የወርቅ ጠጠር በብረት ጠቋሚ ተገኝቷል፤ የተቀበረው ከገጽ ምድር 30 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ብቻ ነበር። የቪክቶሪያ ሕግ በትርፍ ጊዜያቸው ወርቅ ለሚፈልጉ ሰዎች የተለየ ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ በእጅ መሣሪያ ብቻ እንዲሠሩ፣ በግል ይዞታ ላይ የባለይዞታውን ስምምነት እንዲያገኙና የጥንት ነዋሪዎችን ቅርስ እንዳይነኩ ያስገድዳል።

በአንጻሩ በጎረቤት ሱዳን ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ መሣሪያው በብዛት ሲሰራጭ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ በረሃ ጎርፈዋል። በዳርፉር ጀበል አሚር እ.ኤ.አ. በ2012 ወርቅ ከተገኘ በኋላ ቦታው የደም መፋሰስ ምክንያት ሆኗል። አንዱ መሣሪያ በአንድ አገር መዝናኛ፣ በሌላው የግጭት መንስኤ የሆነው በመካከላቸው ባለው የሕግና የአስተዳደር ልዩነት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ ሰው በሚኖርበት ግቢ ወይም በሚያርሰው ማሳ ውስጥ ያለ ወርቅ የግል ንብረቱ አይሆንም። ባለይዞታው በመሬቱ የመጠቀም መብት አለው፤ ከመሬቱ በታች ያለውን ማዕድን ያለ ፈቃድ የማውጣት መብት ግን የለውም።

የማዕድን ሥራዎችን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 678/2002ና በኋላ የተደረጉበት ማሻሻያዎች ናቸው። አዋጁ የቅኝት፣ የምርመራና የማምረት ፈቃዶችን ይዘረዝራል፤ ማምረትንም እንደ ስፋቱ ባህላዊ፣ አነስተኛና ከፍተኛ እያለ ይከፍላል፤ በማሻሻያም ልዩ አነስተኛ የተባለ ደረጃ ተጨምሯል። ከነዚህ ሁሉ መካከል «ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ» ተብሎ የተለየ ፈቃድ የለም። ወርቅን ለመዝናናት እፈልጋለሁ ማለት ከፈቃድ ነጻ አያደርግም።

ለአንድ ግለሰብ የሚቀርበው መንገድ የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ ነው። ይህን ፈቃድ የሚመለከቱ ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

• ፈቃዱ የሚሰጠው ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነው። የውጭ አገር ዜግነት ያላቸው ጎብኚዎች በዚህ ፈቃድ ሊሠሩ አይችሉም።
• ፈቃዱን የሚሰጡት ክልሎች ናቸው። በሲዳማ ክልል የተሰጠ ፈቃድ በኦሮሚያ ክልል ጉጂ ዞን አያሠራም።
• ፈቃዱ ለተወሰነ ቦታ የሚሰጥ ነው። ከክልሉ ወሰን ውጭ መሣሪያ ይዞ መዘዋወርን አይጨምርም።
• ባህላዊ ማምረት በአብዛኛው በሰው ጉልበት የሚከናወን ሥራ ነው። ዲቴክተር መጠቀም የሚፈልግ ሰው ይህን በማመልከቻው ገልጾ ፈቃድ ሰጪው አካል በጽሑፍ እንዲያረጋግጥለት መጠየቅ ይኖርበታል።

መሣሪያውን ከውጭ አገር ለማምጣት ያሰበ ሰውም ግዢውን ከመፈጸሙ አስቀድሞ ለማስገባት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከጉምሩክ ኮሚሽንና ከማዕድን ሚኒስቴር ማረጋገጥ አለበት። በጉዞ ሻንጣ አምጥቶ በመግቢያው በር ላይ መጠየቅ ለኪሳራ ያጋልጣል።

የወርቅ ግብይትም የራሱ ሥርዓት አለው። የማዕድናትን ግብይት የሚመለከተው ሕግ ያለ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ጥሬ ወርቅ መገበያየትን ይከለክላል። በባህላዊ መንገድ የተመረተ ወርቅ ሕጋዊ መንገዱ ፈቃድ ባላቸው አዘዋዋሪዎች በኩል ወደ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መግባት ነው። በመንገድ ዳር ለማይታወቅ ገዥ የተሸጠ ወርቅ ሻጩን ለተጭበረበረ ሚዛን፣ ለሐሰተኛ ገንዘብና ለሕግ ተጠያቂነት ያጋልጣል፤ አገርንም የውጭ ምንዛሪ ያሳጣል።

ቅርስና የቀብር ቦታዎች

ብረት ጠቋሚ ወርቅን ከጥንት ቅርስ አይለይም። ከቱላ በስተደቡብ፣ ከዲላ ወዲያ በጌዴኦ፣ እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ያሉ የትክል ድንጋይ ቦታዎች አሉ፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ከድንጋዮቹ ሥር የቀደምት ሰዎች መቃብር ይገኛል። አንድ ጉድጓድ ብቻ የአፈሩን ንብርብር ካዛባ የዕቃው ዘመንና ታሪክ ሊመለስ በማይችል ሁኔታ ይጠፋል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ለማግኘት መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሳንቲም፣ መስቀል፣ ጌጥ፣ የጦር ጫፍ ወይም የሰው አጽም ቢገኝ ቁፋሮውን ማቆም፣ ዕቃውን ከቦታው አለማንሣትና በአቅራቢያ ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። በአሁኑ ዘመን የመቃብር ስፍራዎች፣ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶችና ኅብረተሰቡ በሚያከብራቸው ዛፎች አካባቢ መሣሪያ ይዞ መግባት ተገቢ አይደለም።

የሕይወት አደጋዎች

ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች መሣሪያው የሚጮኸው ለወርቅ ብቻ ሳይሆን ላልፈነዳ ቦምብና ለፈንጂም ነው። ሁለቱን በድምፅ ብቻ መለየት አይቻልም። የዛገ ክብ ወይም ሲሊንደር መሰል ብረት ብቅ ካለ መንካት፣ መምታትም ሆነ ለማየት መገልበጥ ፈጽሞ አይገባም። በገቡበት ዱካ ወደ ኋላ መመለስ፣ ቦታውን ከርቀት በሚታይ ነገር ማመልከት፣ ልጆችና ከብቶች እንዳይጠጉ መከላከልና ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የተተዉ የወርቅ ጉድጓዶች ሌላው አደጋ ናቸው። ድጋፍ የሌለው የጉድጓድ ግድግዳ በተለይ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያለ ማስጠንቀቂያ ይደረመሳል። ከጉልበት በላይ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ውስጥ ብቻን መግባት፣ ከሌላ ጉድጓድ ሥር ወደ ጎን መቆፈርና በዝናብ ጊዜ በወንዝ ዳር ገደል ሥር መሥራት ሊወገዱ ይገባል።

ደቃቅ ወርቅን ለመሰብሰብ ሜርኩሪ መጠቀምም ሊታሰብ አይገባም። ሜርኩሪው በእሳት ሲተን የሚወጣው ሽታ አልባ ትነት የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል፤ በቤት ምድጃ ላይ ከሆነ ደግሞ መላው ቤተሰብ ይተነፍሰዋል። የሚናማታ ስምምነት በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ውል እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ይህን የመሰለውን ጉዳት ለመቀነስ ነው።

የሚያንጸባርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም

ቢጫ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ያገኘ ሰው ደስታውን ከማብዛቱ በፊት ሦስት ቀላል ሙከራዎችን ማድረግ ይችላል። ወርቅ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ይነጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ፓይራይት የተባለው ወርቅ መሰል ማዕድን ግን ተሰብሮ ጥቁር ዱቄት ይሆናል። ሚካ የተባለው ልጥልጥ ማዕድን በገበቴ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ወርቅ ግን ከሥር ይቀራል። እንዲሁም ወርቅ በጥላም በፀሐይም ቀለሙ አንድ ሲሆን ሌሎቹ እንደ ብርሃኑ አቅጣጫ ያበራሉ፣ ይጠፋሉ። ሙከራው ካላረካ ናሙናውን ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው።

ፍላጎት ላለው ሰው የሚመከር አካሄድ

ስለ ማዕድን ለማወቅ መጓጓት የሚበረታታ ነው። ጉጉቱን ያለ ኪሳራና ያለ ጥፋት ለማርካት የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

1. የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ያዘጋጃቸውን የጂኦሎጂ ካርታዎች በመመልከት የታሰበው ቦታ በምን ዓይነት ዐለት ላይ እንደሚገኝ ማወቅ።
2. ከቦታው ክልል የማዕድን መሥሪያ ቤት ቦታው በሌላ ሰው ፈቃድ ያልተያዘ መሆኑንና ለባህላዊ አምራቾች የተለየ መሆኑን መጠየቅ።
3. በግል ከመድከም ይልቅ ሕጋዊ ማኅበር መቀላቀል ወይም ማቋቋም። የአካባቢው ባህላዊ አምራቾች ያላቸው ዕውቀት ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ የሚገኝ ሀብት ነው።
4. ከቀበሌው አስተዳደርና ከባለይዞታዎች ጋር መነጋገርና ስምምነታቸውን ማግኘት።
5. መሣሪያ መግዛትን ከላይ ያሉት ሁሉ ከተሟሉ በኋላ ማሰብ። ሻጩ በራሱ አፈር ላይ የሚያሳየው ሙከራ በታሰበው ቦታ የሚገኘውን ውጤት አያረጋግጥም።
6. የተቆፈረን ጉድጓድ ሁሉ በዕለቱ መድፈን፤ የወጣውን ቆሻሻ ብረት ሰብስቦ መውሰድ።

በቱላም ሆነ በሌላ ስፍራ ወርቅ መሰል ነገር በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ቦታውን ሳይቆፍር ለክፍለ ከተማው ወይም ለወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ ባለሙያዎች ናሙና ወስደው ምንነቱን ሊያረጋግጡ ይችላሉ።

ማጠቃለያ

የቤተሰብን ጥሪት ሸጦ ወይም ተበድሮ ዲቴክተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያጣው ገንዘቡን ነው፤ ያለ ፈቃድ ሲቆፍር ከተያዘ ደግሞ መሣሪያውንና ነጻነቱንም ሊያጣ ይችላል። የቱላ ምድር ሀብቷ ከእንሰቷ፣ ከቡናዋና ከለም አፈሯ ነው፤ ወርቁ ያለው በሌላ ዐለት፣ በሌላ ስፍራ ነው። በዚያም ስፍራ ቢሆን ፈላጊው ከመሣሪያው አስቀድሞ ካርታውንና ፈቃዱን ሊይዝ ይገባዋል።